የሳምንቱን የቁርስ ዳቦ በአንድ ቀን መጋገር፦ መድረቅ፣ መጠጠርና መሻገት እንዴት ይለያያሉ?

መግቢያ

ሊጥ ማቡካት፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅና መጋገር ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው። አዋቂዎች ማለዳ ወደ ሥራ፣ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት በሚወጡበት ቤት ይህን በየዕለቱ ማከናወን አይቻልም። ስለዚህ በከተማ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የሳምንቱን የቁርስ ዳቦ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጋግረው ያስቀምጣሉ። ልማዱ ጊዜንና የማገዶ ወይም የኤሌክትሪክ ወጪን ይቆጥባል፤ ልጆችም በቤት የተዘጋጀ ምግብ በልተው እንዲወጡ ያስችላል።

ይሁን እንጂ እሑድ ለስላሳ የነበረው ድፎ ዳቦ ማክሰኞ ይጠጥራል፤ ሐሙስ ደግሞ በተቆረጠበት ፊት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ሊታይበት ይችላል። እንዳይሻግት ተብሎ ወደ ማቀዝቀዣ የገባው ክፍልም በማግሥቱ ጠጥሮ ይገኛል። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ሁሉ «ዳቦው ደረቀ» ወይም «ዳቦው ተበላሸ» ተብሎ ይታለፋል። ከምግብ ሳይንስ አንጻር ግን ሦስት የተለያዩ ሂደቶች አሉ። የመጀመሪያው ውኃ ማጣት፣ ማለትም መድረቅ ነው። ሁለተኛው ውኃ ሳይጎድል የሚከሰተው የስታርች መጠጠር ነው። ሦስተኛው በሻጋታ ወይም በባክቴሪያ መበላሸት ነው። የነገሩ አስቸጋሪነት አንዱን ሂደት የሚያዘገየው ዘዴ ሌላውን የሚያፋጥን በመሆኑ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን ሂደቶች ለይቶ ያብራራል፤ ከዚያም በመነሣት ለአንድ ሳምንት የሚጋገር የቁርስ ዳቦ እንዴት ሊከፋፈልና ሊቀመጥ እንደሚገባ ያሳያል።

ዳቦ ውኃ ሳይጎድለው ለምን ይጠጥራል?

ከስንዴ ዱቄት ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስታርች ነው። ስታርች አሚሎስና አሚሎፔክቲን ከሚባሉ ሁለት ዓይነት የግሉኮስ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። በስንዴ ውስጥ የአሚሎስ ድርሻ ሩብ ያህል ሲሆን ቀሪው አሚሎፔክቲን ነው። አሚሎስ እንደ ክር የተዘረጋ ሲሆን፣ አሚሎፔክቲን ግን እንደ ዛፍ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ነው። በጥሬው ዱቄት ውስጥ ሰንሰለቶቹ በጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ በከፊል በሥርዓት ተደርድረው ይገኛሉ። ሊጡ በምድጃ ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ቅንጣቶቹ ውኃ እየመጠጡ ማበጥ ይጀምራሉ፤ የነበራቸው አደራደርም ይፈርሳል። ትኩስ ዳቦ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳቦው ከምድጃ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ግን የፈረሰው አደራደር ራሱን መልሶ መገንባት ይጀምራል። አሚሎስ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረጋል፤ ትኩስ ዳቦ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀላሉ የሚቆረጠው ስለዚህ ነው። አሚሎፔክቲን ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ ይደረደራል፤ እሑድ የተጋገረው ዳቦ ማክሰኞ የሚጠጥረውም በዋናነት በዚህ የተነሣ ነው። ሪትሮግራዴሽን የሚባለው ይህ ሂደት ውኃ ከዳቦው እንዲወጣ አይጠይቅም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባቲስት ቡሲንጎ በ1852 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ዳቦ አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ ውኃው እንዳለ ቢቆይም እንደሚጠጥር አሳይቷል። መልሶ ሲሞቅ ደግሞ እንደሚለሰልስ አረጋግጧል። ዳቦን በፌስታል አጥብቆ መጠቅለል መድረቁን ሲከላከል መጠጠሩን ግን የማያስቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የማቀዝቀዣው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስታርች እንደገና ለመደርደር ሁለት እርምጃዎችን ያልፋል። የመጀመሪያው ጥቂት ሰንሰለቶች ተገናኝተው የአደራደሩን መነሻ መመሥረታቸው ነው፤ ይህ በቅዝቃዜ ይፋጠናል። ሁለተኛው ሌሎች ሰንሰለቶች በመነሻው ላይ እየተጨመሩ ማደጋቸው ነው፤ ይህ ደግሞ በሙቀት ይፋጠናል። የሁለቱ ድምር ከፍተኛ የሚሆነው ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ብሎ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም የቤት ማቀዝቀዣዎች ምግብ እንዲያስቀምጡ የሚስተካከሉበት ሙቀት ነው። በመሆኑም ዳቦ ከጠረጴዛ ይልቅ በማቀዝቀዣ ውስጥ ፈጥኖ ይጠጥራል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሆን ፍሪዘር ውስጥ ግን የሰንሰለቶቹ እንቅስቃሴ ስለሚገታ ሂደቱ ለተግባራዊ ዓላማ ቆመ ማለት ይቻላል። ማቀዝቀዣና ፍሪዘር በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢገኙም በዳቦ ላይ የሚያሳድሩት ውጤት ተቃራኒ ነው።

መጠጠር ተመላሽ መሆኑም ሊተኮርበት ይገባል። አሚሎፔክቲን የሠራው አደራደር ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፈርሳል። የጠጠረ ዳቦ በምጣድ ላይ ተከድኖ ሲሞቅ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ያደረ እንጀራ በትኩስ ወጥ ሲፈረፈር የሚሆነውም ተመሳሳይ ነው፤ ፍርፍር ለቁርስ መመረጡ የተረፈን ከማዋል ባሻገር የጠጠረን ስታርች በሙቀትና በውኃ የማለስለስ ጥበብ ነው። ይሁንና በሞቀ ቁጥር ውኃ ስለሚተን፣ አንድን ዳቦ ደጋግሞ ማሞቅ መጠጠርን ወደ እውነተኛ ድርቀት ይለውጠዋል። ስለሆነም ሊሞቅ የሚገባው በዚያው ሰዓት የሚበላው ቁራሽ ብቻ ነው።

ሻጋታ ምን ይፈልጋል?

የሻጋታ ስፖሮች በመጋገሪያ ሙቀት ስለሚሞቱ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ከሻጋታ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሻጋታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ከአየር፣ ከቢላዋ፣ ከእጅ፣ ከመጠቅለያ ጨርቅና ቀድሞ ከሻገተ ዳቦ ፍርፋሪ ነው። የዳቦ ሣጥን ወይም መሶብ ሳይጸዳ አዲስ ዳቦ ሲገባበት አዲሱ ፈጥኖ የሚሻግተው በዚህ ምክንያት ነው።

ያረፈው ስፖር ማደግ አለማደጉን የሚወስነው የምግቡ ጠቅላላ የውኃ መጠን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ለሕያዋን ጥቅም የሚውለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የውኃ አክቲቪቲ በሚባል ከ0 እስከ 1 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል፤ የንጹሕ ውኃ ልክ 1 ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች፣ አብዛኞቹ የተለመዱ ሻጋታዎች ደግሞ ከ0.80 በታች አያድጉም። ከ0.60 በታች ማንኛውም ረቂቅ ተሕዋስ ሊራባ አይችልም። ለስላሳ የዳቦ ልብ ከ0.94 በላይ በመሆኑ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ስኳርና ማር ውኃን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ልኩን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋሉ፤ በተለመደው ድፎ ዳቦ ውስጥ የሚገባው መጠን ግን ከሻጋታ ለመጠበቅ አይበቃም።

የመጠቅለያ ምርጫ የሚያስከትለው ግጭት እዚህ ላይ ይታያል። አዲስ ዳቦ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ልቡ ደግሞ ርጥብ ነው። በጨርቅ ከተጠቀለለ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ የሚመጣው ውኃ ወደ አየር ስለሚወጣ ቅርፊቱ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ሻጋታ ይዘገያል፤ ዳቦው ግን ይደርቃል። በፌስታል ከተጠቀለለ ውኃው መውጫ ስለሚያጣ ዳቦው አይደርቅም፤ ቅርፊቱ ግን ረጥቦ ለሻጋታ ይመቻል። ዳቦው ሳይበርድ በፌስታል ከታሰረ እንፋሎቱ በፕላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ስለሚንጠባጠብ ችግሩ ይባባሳል። ድፎ ዳቦ ወፍራም በመሆኑ ላዩ ቢበርድም ልቡ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ትኩስ እንጀራን በሰፌድ ላይ አውጥቶ እንፋሎቱ እንዲወጣ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ መሶብ ማስገባት ይህንኑ ችግር የሚያቃልል ነባር አሠራር ነው።

ከሻጋታ ሌላ በሙቀት የማይሞት ጠላትም አለ። ባሲለስ ሰብቲሊስና ዝምድና ያላቸው ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው ስፖሮች በዳቦው ልብ ውስጥ ከመጋገር ይተርፋሉ። ቅርፊቱ ምንም ያህል ቢግል፣ ርጥብ የሆነው የዳቦ ልብ ሙቀት ከውኃ መፍያ ነጥብ እምብዛም አያልፍምና። ይህ ነጥብ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተረፉት ስፖሮች ዳቦው በሞቃት ቦታ ሲቆይ ነቅተው ልቡን የሚያጣብቅና ሲጎተት እንደ ክር የሚሳብ ያደርጉታል፤ ሽታውም ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይመስላል። ይህ ብልሽት ከደጋ ይልቅ በቆላማ አካባቢዎች ሊያጋጥም የሚችል ሲሆን፣ ዳቦው ከውጭ ሲታይ ደኅና ስለሚመስል ሳይስተዋል የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የእርሾ ድርሻ

በቤት ውስጥ ያደረ እርሾ ሊጥን ኩፍ ከማድረግ በላይ ተግባር አለው። በእርሾው ውስጥ ከሚገኙት ፈንገሶች ጎን ለጎን ላክቲክና አሴቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ። በቂ ጊዜ ያገኘ ሊጥ ስለሚኮመጥጥ ፒኤች ልኩ ይወርዳል። ፒኤች ከ5 በታች ሲሆን ባሲለስ ባክቴሪያ በዳቦ ውስጥ የመራባት ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። በሱቅ እርሾ በአንድ ሰዓት ኩፍ የሚል ሊጥ ይህን መከላከያ አያገኝም፤ ፈጥኖ ለሚበላ ዳቦ ችግር ባይሆንም ለሳምንት ለታሰበ ዳቦ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሲድ ለሻጋታ የሚኖረው ኃይል ግን ውስን ነው። ሻጋታ ባክቴሪያ በማይችለው ኮምጣጣ አካባቢ ማደግ ይችላልና። የእንጀራ ፒኤች 4 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ሆኖም እንጀራ በክፍል ሙቀት ከሦስት ቀን ገደማ በላይ ሳይሻግት መቆየት ይቸግረዋል። ከእንጀራ ላይ ተለይተው የታወቁት ሻጋታዎችም የአስፐርጊለስ፣ የፔኒሲሊየምና የራይዞፐስ ዝርያዎች ናቸው። ኢንዱስትሪው ለዚህ ችግር እንደ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ያሉ መጠበቂያዎችን ይጠቀማል። በቤት ዳቦ ውስጥ ከሚገኙት አሲዶች መካከል ሻጋታን በመከላከል ረገድ አሴቲክ አሲድ ከላክቲክ አሲድ ይሻላል። ጥቁር አዝሙድና ድንብላልም ረቂቅ ተሕዋስያንን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ ለመዓዛና ለጣዕም የሚጨመረው መጠን ግን የመጠበቂያ ዋስትና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የቅባት ሚና ከዚህ የተለየ ነው። ዘይት ወይም ቅቤ የተጨመረበት ሊጥ ለስላሳ ዳቦ ይሰጣል፤ መጠጠሩንም ያዘገያል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ የሳምንቱ ዳቦ ረቡዕንና ዓርብን ስለሚያካትት ሊጡ ያለ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል በዘይት ብቻ ይዘጋጃል። ዘይቱም ዳቦውን በማለስለስ ረገድ የቅቤን ቦታ ይተካል። በሻጋታ ላይ ግን ቅባት መከላከያ አይሆንም።

ማድረቅ እንደ መፍትሔ፦ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ

እስከ አሁን መድረቅ እንደ ጉዳት ታይቷል። ሆን ተብሎ እስከ መጨረሻው ሲፈጸም ግን ከሁሉም የላቀ መጠበቂያ ነው። የውኃ አክቲቪቲ ከ0.60 በታች ሲወርድ ሻጋታም ባክቴሪያም አይራቡም፤ ውኃ ያጡት የስታርች ሰንሰለቶችም ስለማይንቀሳቀሱ መጠጠር ይቆማል። ዳቦ ቆሎ የዚህ መርሕ ግልጽ ምሳሌ ነው። ጠንከር ብሎ የታሸው ሊጥ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ በሽምብራ መጠን ይቆረጥና በምጣድ ላይ እየታመሰ ይበስላል። የቁራጮቹ ማነስ ለአበላል ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ትንሽ ቁራጭ ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ውኃው ከመሐሉ ሳይቀር ይወጣል። ተለቅ ያሉ ቁራጮች ግን ላያቸው ቡናማ ሆኖ ሳለ መሐላቸው ርጥብ ሊቀር ይችላል። ከቀዘቀዙ በኋላ ያ ውኃ ወደ ላይ ስለሚሰራጭ በማግሥቱ መንኮሻኮሻቸው ይጠፋል። ስለዚህ ቆሎው ቡናማ መሆኑ ሳይሆን፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እስከ መሐሉ መንኮሻኮሹ የመብሰሉ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ድርቆሽ በእንጀራ ላይ የሚሠራ ተመሳሳይ ዘዴ ነው። ተቆራርሶ የደረቀ እንጀራ ለወራት ይቆያል፤ በትኩስ ወጥ ወይም በቁሌት ሲነከር ደግሞ ስታርቹ ውኃና ሙቀት ስላገኘ መልሶ ይለሰልሳል። ለመንገደኛና ለተማሪ ስንቅ የሆነው፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶችም ከዳቦ ቆሎ ጋር በሻንጣ የሚላከው በዚህ ባሕርዩ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ማድረቅ የሻጋታን ዕድገት ያቆማል እንጂ ቀድሞ ያደገውን አያጠፋም። ለሦስትና ለአራት ቀናት ከቆየ በኋላ «ከሚጣል» ተብሎ የሚደርቅ እንጀራ፣ ለዓይን የማይታይ የሻጋታ ጅማሬ ይዞ ሊሆን ይችላል። በክረምት ደመናማ ቀናት የሚሰጣ እንጀራም ለረጅም ጊዜ ርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ከመድረቁ በፊት ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ ለድርቆሽ የታሰበ እንጀራ በተጋገረበት ወይም በማግሥቱ ቀን ሊደርቅ፣ ፀሐይ በማይኖርበት ጊዜም በምጣድ ወይም በምድጃ ሙቀት ሊታገዝ ይገባል።

ደረቅ ምግብ የራሱ ድክመት አለው። ዘይት የገባበት ዳቦ ቆሎ በአየርና በብርሃን ምክንያት ውሎ አድሮ የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል፤ ርጥበታማ አየር ካገኘም ውኃ መልሶ ይመጥጣል። ሁለቱም ችግሮች በደንብ በሚከደን ዕቃና በጨለማ ቦታ ይቃለላሉ።

የሳምንቱ አከፋፈል

ከላይ የተብራራው ሁሉ ወደ አንድ ተግባራዊ መርሕ ያመራል፦ የሳምንቱ ዳቦ እንደ አንድ ዕቃ ሳይሆን በሚበላበት ቀን መሠረት ተከፋፍሎ ሊታይ ይገባል። እሑድ የተጋገረና ሙሉ በሙሉ የበረደ ዳቦ እስከ ማክሰኞ የሚበላው ክፍል በክፍል ሙቀት፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት የሚያስፈልገው ቁራሽ ብቻ ይሞቃል። ከረቡዕ ጀምሮ ለሚበላው ክፍል ዕጣው መወሰን ያለበት በዚያው በእሑድ ነው። ረቡዕ ድረስ በጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ወደ ፍሪዘር የሚገባ ዳቦ የሚጠበቀው ከነመጠጠሩ ነው፤ ፍሪዘር ያገኘውን ሁኔታ ያቆያል እንጂ አያድስምና።

ፍሪዘር ባለበት ቤት ዳቦው ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተቆርጦ፣ አየር በማያስገባ መጠቅለያ ታሽጎ ይገባል። ሲወጣ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ማቆየት መጠጠር ወደሚፈጥንበት ሙቀት መመለስ ስለሚሆን፣ በቀጥታ በጋለ ምጣድ ላይ ማሞቅ ይመረጣል። የኤሌክትሪክ መቋረጥ ሲያጋጥም ክዳኑ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል።

ፍሪዘር በሌለበት ቤት አማራጩ ከአንድ ሊጥ ሁለት ምርት ማውጣት ነው። የሊጡ አንድ ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚበቃ አነስተኛ ዳቦ ይሆናል። ሌላው ክፍል ዱቄት ተጨምሮበት ዳቦ ቆሎ ይሆናል፤ ወይም የተጋገረው ዳቦ በስሱ ተቆርጦ በምጣድ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ያለው ቁርስ በሻይ ወይም በወተት የሚበላ ደረቅ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ብቻ ያለውና በጣም ሞቃት በሆነ አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ግን ዳቦውን በማቀዝቀዣ ቢያኖር አይሳሳትም። መጠጠር በማሞቅ ይመለሳል፤ መሻገት ግን አይመለስም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን መመረጥ ያለበት ተመላሹ ጉዳት ነው።

የሻገተ ዳቦ ጉዳይ

የሻገተውን ጠርዝ ቆርጦ ቀሪውን መብላት በብዙ ቤቶች የሚታይ ልማድ ነው። ዱቄት በተወደደበት ጊዜ ዳቦን መጣል ከባድ መሆኑ እሙን ነው። ሆኖም በዓይን የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ክፍል ሻጋታው ስፖር ያፈራበት ገጽ ብቻ ነው። ክር መሰል አካሉ በዳቦው ቀዳዳዎች ውስጥ ከዚያ አልፎ ይዘረጋል። አንዳንድ ሻጋታዎች ማይኮቶክሲን የሚባሉ መርዞችን ያመነጫሉ። ከእነዚህ መካከል አፍላቶክሲን የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የለውዝ መኖ ካለቁ በኋላ ነው። ዛሬ የጉበት ካንሰርን እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው።

እያንዳንዱ ሻጋታ መርዝ ያመነጫል ማለት አይደለም። የትኛው እንደሚያመነጭ ግን በቀለሙም በሽታውም መለየት አይቻልም። ማሞቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ሻጋታውን የሚገድለው የምጣድ ሙቀት አፍላቶክሲንን አያጠፋም። የሻገተውን ለላም መስጠትም አደጋውን አያስወግድም፤ ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን በከፊል ተለውጦ በወተቷ ይወጣልና ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ሊመለስ ይችላል። በመሆኑም የሻገተ ዳቦ ሙሉ በሙሉ ሊጣል ይገባል። ብክነትን ለመቀነስ ትክክለኛው ጊዜ ሻጋታ የታየበት ሐሙስ ሳይሆን፣ ዳቦው የተከፋፈለበት እሑድ ነው።

መደምደሚያ

ለሳምንት የሚጋገር የቁርስ ዳቦ ላይ የሚደርሱት መድረቅ፣ መጠጠርና መሻገት በመነሻቸውም በመፍትሔያቸውም የተለያዩ ናቸው። መድረቅ በመጠቅለል ይከለከላል፤ መጠጠር በፍሪዘር ይገታል፣ በሙቀትም ይመለሳል፤ መሻገት ግን አስቀድሞ ካልተከለከለ በኋላ አይታረምም። በረጅሙ ያደረ እርሾ፣ በሰፌድ ላይ ማብረድ፣ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለእነዚህ ችግሮች በልምድ የተገኙ መልሶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በሳይንስ ሊብራራ የሚችል ምክንያት አላቸው። ምክንያቱ ሲታወቅ ዘዴዎቹን በየቦታቸው መጠቀም፣ ማቀዝቀዣንና ፍሪዘርን የመሳሰሉ አዳዲስ መሣሪያዎችንም ከእነርሱ ጋር ማጣመር ይቻላል። ውጤቱም በእሑድ ግማሽ ቀን ድካም የተገኘው ዳቦ እስከ ዓርብ ድረስ ለጤና ሳያሰጋ እንዲበላ ማድረግ ነው።